«በቃኝ፣ ዕቃዬ ሞልቷል» ያለ ጊታሪስት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የጦሳው ጊታር (ደሴ)

ጀማው እንዴት ሰነበታችሁ? አንድ ጥያቄ ላንሳ።

ደሴ ውስጥ ጊታር ከሚነካ ሰው ጋር ሻይ ልጠጣ ስቀመጥ ወሬው ሁሌ አንድ ነው። «ያቺን ኤፌክት (የድምፅ መለወጫ ሳጥን) ባገኝማ…»፣ «ፒክአፑን (የክሩን ድምፅ የሚቀበለውን) ልቀይረው ነው»፣ «አምፑ (ማጉያው) የሆነ ነገር ይጎድለዋል»። የሌለው ያማርራል። የሞላለትም ያማርራል። ሸዋ በር አካባቢ አንድ ጓደኛ አለኝ። አጎቱ ከውጭ ያመጣለት ጊታር ሁላችንንም ያስጎመጃል። እሱ ግን ቤቴ በመጣ ቁጥር የኔን የቻይና ጊታር አንስቶ «አንገቷ ትመቻለች» እያለ አይለቃትም።

እኔ የምሠራው በዚህ ነው፦ ስትራት (የፌንደር ስትራቶካስተር) መሳይ ጊታር፣ አንድ ኦቨርድራይቭ (ድምፁን የሚያሻክር)፣ አንድ ዲሌይ (እንደ ገደል ማሚቶ የሚደግም)። ከዚያ ቀጥታ ሚክሰር። ሥራዬ በብዛት ሰርግ ነው። ቤት ስለማመድ ድምፁ አንጀት ያርሳል። መድረክ ላይ ግን፣ በተለይ ማሲንቆ አጠገቤ ሲቆምና አምባሰል ሲጀመር፣ ያ ድምፅ የት እንደሚገባ አላውቅም። ወይ ይዋጣል፣ ወይ ይሻክራል። አሁን ኮምፕረሰር (የድምፁን ከፍታና ዝቅታ የሚያቀራርብ) እና ኢኪው (ቤዙን፣ መሀሉንና ትሬብሉን የሚያስተካክል) ልገዛ ብር እያጠራቀምኩ ነው።

ከመግዛቴ በፊት ግን ልጠይቅ። ከናንተ ውስጥ በዕቃው ከልቡ የረካ አለ? ወይስ ይሄ ጉዳይ መጨረሻ የለውም?

ቦርከና ቤዝ (ኮምቦልቻ)

አለ። እኔ። ቤዝ ያዝ ወንድሜ፣ አራት ክር ነው፣ ትገላገላለህ።

ቀልዱን እንተወውና፣ እኔ ዕቃ የማልቀይረው ረክቼ አይደለም። የቤዝ ክር ስንት እንደገባ አይተሃል? ስለዚህ ክሩ ድምፁ ሲሞት አወልቀዋለሁ፣ ውሃ ውስጥ ትንሽ ኮምጣጤ ጠብ አድርጌ አፈላዋለሁ። በጥምጥሙ መሀል የገባው ላብና ቅባት ይወጣል። በጨርቅ አድርቆ መልሶ መጫን ነው። ለጥቂት ቀን እንደ አዲስ ይጮኻል። እናቴ ግን የወጥ ድስቷን ከለከለችኝ። አሁን ክሩ የራሱ ድስት አለው። ዕቃህን ዘርዝር ከተባልኩ ድስቱንም እቆጥራለሁ።

ወሎዬ ከሜሪላንድ

እኔ ልመስክር። እዚህ ካለነው ብዙ ዕቃ ያለኝ እኔ ሳልሆን አልቀርም። አልረካሁም። አዲሱ በር ሳይገባ አሮጌው ያስጠላኛል። ባለቤቴ «ይሄ ከዚያኛው በምን ይለያል?» ስትለኝ መልስ አለኝ፤ መልሱ እኔንም ብዙ አያሳምነኝም።

ግን ብቻችንን አይደለንም። የፒንክ ፍሎይዱ ዴቪድ ጊልሞር ያቺን ጥቁር ስትራት የገዛት እ.ኤ.አ. በ1970 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ አንገቷን ቀየረ፣ ፒክአፕ ቀየረ፣ ብሪጇን (ክሩ የሚያርፍበትን) ነቀለ፣ እንጨቷን ቦረቦረ፣ መልሶ ደፈነ። ዓለም በሙሉ «ድምፅ ማለት ይሄ ነው» የሚልላት ጊታር ለባለቤቷ ገና አላለቀችም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ክሪስቲስ ጨረታ ላይ በ3,975,000 ዶላር ተሸጠች። ብሩን ለአካባቢ ጥበቃ በጎ አድራጎት ሰጠው። እሱ በሌላ ጊታር መጫወቱን ቀጠለ።

ከሠሪው እንጀምር ካላችሁ ደግሞ ሊዮ ፌንደርን ተመልከቱ። ስትራቶካስተርን ያመጣው ሰውዬ ራሱ ጊታር አይጫወትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ድርጅቱን ለሲቢኤስ ኩባንያ ሸጠ። አረፈ? ኧረ የት! ሚውዚክ ማን የሚባል ድርጅት ገባ፣ ከዚያ ጂ ኤንድ ኤልን ከሌሎች ጋር አቋቋመ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 እስኪያርፍ ድረስ ፒክአፕና ብሪጅ ሲያሻሽል ኖረ። ስትራትን የሠራ ሰው ስትራት ካልበቃው፣ እኔ ማን ነኝና ነው በቃኝ የምለው?

የሐይቅ ልጅ

እኔ በተቃራኒው ነኝ። ብሪያን ሜይ የሚባል ሰው አለ፣ የኩዊን ጊታሪስት። እ.ኤ.አ. በ1963 ከአባቱ ጋር ሆኖ ቤት ውስጥ ጊታር መሥራት ጀመረ። አንገቷን ከአሮጌ የእሳት ምድጃ እንጨት ነው የጠረቡት። ዛሬም ዋና ጊታሩ እሷ ናት። የረካ ሰው አለ ማለት ነው።

እኔ ራሴ አምፕ የለኝም። ኢንተርፌስ (ጊታሩን ከላፕቶፕ የሚያገናኝ) እና ላፕቶፕ ነው ያለኝ። ሲሙሌተሩ (አምፕ የሚያስመስለው ፕሮግራም) ውስጥ የሌለ አምፕ የለም። መብራት ካለ ማለቴ ነው። የታዘብኩትን ልንገራችሁ። ይሄ ሁሉ በነፃ ተሰጥቶም ዩኒቨርሲቲ ያሉ ጓደኞቼ ያው ናቸው። ማታ ካቢኔት (የስፒከር ሳጥን) ሲቀያይሩ ያመሻሉ፣ አንድ ዜማ ሳይጫወቱ ይተኛሉ። ስለዚህ «ብር ስለሌለን ነው የማንረካው» የሚለው አያስኬድም።

አያ ክራር

ልጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ ገፋ ያለ ነውና ረዘም አድርጌ ብጽፍ ታገሡኝ።

በኛ ጊዜ፣ በ1970ዎቹ፣ ወሎ ውስጥ የኪነት ቡድን የሌለው ቀበሌ ፈልገህ አታገኝም ነበር። ትልቁ ላሊበላ ኪነት ነው፣ እነ ማሪቱ ለገሰ የነበሩበት። እኛ ከትንንሾቹ ነን። የነበረን አንድ ሞንታርቦ ነው። አንዱ መሰኪያ ለድምፃዊ፣ አንዱ ለጊታር፣ አንዱ ለክራር። ሁለተኛ ድምፃዊ ከወጣ የሚነቀለው ጊታሩ ነው። ጊታሪስቱም ከማጨብጨብ በቀር ምርጫ የለውም። የክራር ክር ሲበጠስ የፍሬን ሽቦ ፈትለን እንተካለን። እጃችን ይደማል፣ ክራሩ ግን ይናገራል።

ረክተን ነበር ወይ ብትሉኝ፣ በፍጹም። ሌሊቱን የምናወራው የአዲስ አበባ ባንዶች ስላላቸው ዕቃ ነበር። የሮሃ ባንድ ካሴት ሲደርሰን የሰላም ስዩምን ጊታር ለይተን ለመስማት ካሴቱን በእስክሪብቶ እየመለስን፣ ባትሪው እስኪያልቅ እንሰማለን። «ምን አምፕ ነው?»፣ «ምን ቢያደርገው ነው እንዲህ የሚለው?» ብለን እስከ መኮራረፍ እንደርስ ነበር። ዕቃውን በዓይኑ ያየ ግን አንድም አልነበረም።

ስለዚህ «የዛሬ ልጅ አይጠግብም» የሚል ነገር ከኔ አትጠብቁ። አንድ ልዩነት ግን አያለሁ። እኛ የምንመኘው የሰማነውን ነበር። እናንተ ያያችሁትን ነው የምትመኙት። የጦሳው፣ ኮምፕረሰሩን ሰምተኸው ነው ወይስ አይተኸው?

የጦሳው ጊታር (ደሴ)

ጋሼ፣ አንቱ ደግሞ ጥያቄዎ ከባድ ነው። ዩቲዩብ ላይ አየሁት። ሰምቼዋለሁም። በስልክ ስፒከር ቢሆንም 😅

ሳውንድማን ደሴ

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። በስልክ ስፒከር ኮምፕረሰር የሰማ ሰው ብሩን ቢያስቀምጥ ይሻለዋል።

የጦሳው፣ ያንተን ነገር በደንብ አውቀዋለሁ። ሰርግ ቤት ሚክሰሩ ላይ ስቀመጥ በየሳምንቱ የማየው ነው። ሁለት ነገር ተደራርቦብሃል።

የመጀመሪያው ጆሮህ ነው። ማታ ቤትህ ድምፁን ዝቅ አድርገህ ነው የምታስተካክለው። ጆሮ ደግሞ ድምፅ ዝቅ ሲል ወፍራሙንና ቀጭኑን አሳንሶ ነው የሚሰማው። ፍሌቸርና መንሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ለክተው አሳይተውታል። ስለዚህ አንተ ሳታውቀው ቤዙንም ትሬብሉንም ትጨምራለህ፣ መሀሉን ትቀንሳለህ። ሰርግ ቤት ድምፁ ከፍ ሲል ቤዙ ያጓራል፣ ትሬብሉ ጆሮ ይበሳል። መሀሉን ድምፃዊውና ማሲንቆው ይዘውታል። አንተ የለህም። በል፣ በመድረኩ የድምፅ ልክ አስተካክል። ቤዙን ቁረጥ፣ መሀሉን መልስ። ብቻህን ስትሰማው ያስጠላል። ያስጠላ። ከሰው ጋር ሲሆን ነው የሚሠራው።

ሁለተኛው፣ ኦቨርድራይቩን ቀጥታ ሚክሰር ላይ መሰካትህ ነው። የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ብዙም አያወጣም። ኦቨርድራይቭ የሚፈጥረውን እሾህ የሚበላው እሱ ነው። ሚክሰሩና የሰርጉ ስፒከር ግን እሾሁን እንዳለ ያወጡታል። ሻከረ የምትለው ያ ነው። አንድ ነገር ግዛ ካልከኝ የካቢኔት ሲሙሌተር ያላትን ትንሽ ኤፌክት ግዛ። የሐይቁ ልጅ ላፕቶፑ ውስጥ ያለችውን ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚከስርበት። «50 ዋት አምፕ አነሰኝ፣ 100 ልግዛ» የምትሉ፣ እጥፍ ዋት የሚጨምርላችሁ 3 ዲሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብቻ ነው። ጆሮ «አሁን እጥፍ ሆነ» እንዲል 10 ዲሲቤል ገደማ ይፈልጋል። ያ ማለት አሥር እጥፍ ዋት ነው። አምፑን ከመለወጥ ወንበር ላይ አውጥታችሁ ወደ ጆሯችሁ አዙሩት።

ቦርከና ቤዝ (ኮምቦልቻ)

ስለ እዝዝታውስ? ባለፈው አንድ ሰርግ ላይ የሊድ ጊታሪስታችን ጊታር ንብ ቀፎ ሆኖ ዋለ።

ሳውንድማን ደሴ

ጊታሩ ሲንግል ኮይል ፒክአፕ ነው አይደል? ያ ፒክአፕ የመብራቱን 50 ኸርዝ እንደ አንቴና ይስበዋል። ጊብሰን ቤት ሴት ላቨር የሚባል መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1955 ለዚሁ ብሎ ነው ሃምበከርን ያወጣው። ሁለት ጥቅል፣ አንዱ የሌላውን ጩኸት የሚያጠፋ። ግን ፒክአፕ ከመቀየራችሁ በፊት ዲቫይደሩን ተመልከቱ። የድንኳኑ ፍሪጅ፣ አምፖሉና የናንተ ኤፌክት አንድ ዲቫይደር ላይ ተሰክተው፣ ኧርዙም (የመሬት ሽቦው) ከሌለ፣ የሚሊዮን ብር ጊታርም እዝዝ ይላል።

ወልድያ አኮስቲክ

ሰላም ለሁላችሁ። ሳውንድማን ያለው ልክ ነው። የማሲንቆው ነገር ግን ሌላ ነው፣ በኢኪው አይፈታም። ክራርም ስለምጫወት ይሄን በደንብ አውቀዋለሁ።

ማሲንቆ ፍሬት (አንገቱ ላይ የተደረደረ ብረት) የለውም። ተጫዋቹ ጣቱን የሚያሳርፈው ጆሮው ባለው ቦታ ነው። ክራርም ከመጫወትህ በፊት ለቅኝቱ ትቃኘዋለህ። ለትዝታ አንድ፣ ለባቲ ሌላ። ጊታር ግን ተቃኝቶ የመጣ ዕቃ ነው። ፍሬቱን ፋብሪካ ወስኖልሃል። ኦክታቩ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ) ለአሥራ ሁለት እኩል ተከፍሏል፣ እያንዳንዱ ፍሬት 100 ሴንት (የድምፅ ርቀት መለኪያ ነው)። ያ አከፋፈል የተጣራውን ሜጀር ሰርድ (ለምሳሌ ከዶ እስከ ሚ) በ14 ሴንት አስፍቶታል። ፊፍዙን (ለምሳሌ ከዶ እስከ ሶል) ግን የነካው በ2 ሴንት ብቻ ነው።

አሁን አምባሰልን ከዶ ጀምር፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። አንተ እጅህ የለመደው ኮርድ መያዝ ስለሆነ ሬ ፍላት ሜጀር ወይ ፋ ማይነር ትይዛለህ። ሁለቱም ውስጥ ሰርድ አለ። ማሲንቆው ያቺን ድምፅ በራሱ ቦታ ያስቀምጣታል፣ ያንተ ፍሬት በሌላ ቦታ። ሁለቱ ይጋጫሉ። በዚያ ላይ ኦቨርድራይቭ ስትረግጥ ግጭቱ ይባዛል።

ስለዚህ እንዲህ ሞክር። ማሲንቆው ሲገባ ሰርዱን ተወው። ዶና ሶልን ያዝ፣ ፋና ዶን ያዝ፣ ወይም ኦክታቭ ብቻ። ዜማውን ለሱ ልቀቅለት። በክፍተቱ ግባ። ኦቨርድራይቩንም አጥፋው። ደግሞም በስልክ ቲዩነር ተቃኝተህ አትምጣ። ኪቦርድ ከሌለ ማሲንቆው የሚቃኘው ለድምፃዊው ነው፣ አንተም ከሱ ተቃኝ።

ጥያቄህን ልመልስና፣ እኔ የናይለን ክር ጊታር ነው ያለኝ። ረክቻለሁ ወይ? በድምፁ አዎ። አሜሪካዊው ዘፋኝ ዊሊ ኔልሰን እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ አንዲት የናይለን ክር ማርቲን ጊታር ይዞ ነው የኖረው። ፒኩ (ክር መምቻው) ፊቷን ፍቆ ፍቆ ቀዳዳ አውጥቶባታል። አልቀየራትም፣ እየጠገነ ይጫወታታል። እኔም እንደሱ ነኝ ብዬ እፎክርና ሱቅ ሳልፍ ቆሜ አያለሁ።

ቦርከና ቤዝ (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ 14 ሴንት ማን ይሰማል? ሰርገኛው ጠጁን ይዞ እስክስታ ላይ ነው።

ወልድያ አኮስቲክ

አንተ ትሰማዋለህ። «ሴንት» ብለህ አትጠራውም እንጂ «ዛሬ ጊታሩ ምን ሆኗል?» ትላለህ። ከዚያ ጊታሪስቱ ሄዶ ፒክአፕ ይገዛል።

አያ ክራር

ልጄ፣ እድሜ ይስጥሽ። እኛ ይሄን ሁሉ ቁጥር አናውቅም ነበር። አንድ ማሲንቆ መቺ ነበረን። ጊታሪስቱን «አንተ ልጅ፣ ከአፌ አትንጠቀኝ» ይለው ነበር። ዝም ሲልለት ደስ ይለዋል፣ ሁለት ድምፅ ብቻ ሲይዝለት ደግሞ ራሱን እየነቀነቀ ይገባለታል።

የሐይቅ ልጅ

ቆይ ቆይ። ውይይቱ ወደ ሌላ ሄደ። ጥያቄው «ይረካሉ ወይ» ነበር። አሁን የምትሉት ችግሩ ዕቃው አይደለም ነው። እሺ። ግን አንዳንዴ ዕቃው ነው እኮ! የኔ የመጀመሪያ ጊታር አንገቱ ተጣምሞ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩ ጣት ያስገባ ነበር። በልምምድ ይስተካከል ነበር?

ሳውንድማን ደሴ

አይስተካከልም። ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት) በትንሽ በትንሹ ማጥበቅ፣ ከዚያ የብሪጁን ከፍታ ማውረድ፣ ኢንቶኔሽኑን (ድምፁ በየፍሬቱ ልክ መሆኑን) ማየት ነበር። አንድ ቁልፍና ትዕግሥት ነው። የሚያስቸግረው ቶሎ ጨርሶ ለመሄድ የሚቸኩል ሰው እጅ ላይ ሲወድቅ ነው። አንድ ባለሙያ ነኝ ባይ የጓደኛዬን ትረስ ሮድ በአንድ ጊዜ አጠማዞ ሰብሮበታል።

ያልከው ግን ትክክል ነው። ክሩ ካልተቃኘ፣ ጃኩ ከተንኳኳ፣ አንገቱ ከተጣመመ መማረር መብትህ ነው። አየሩም አለ። ደሴ ብርድና ጭጋግ ላይ ተቃኝተህ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ስትገባ ክሩ ይለጠጣል፣ ድምፁ ይወርዳል። ከ500 ሜትር በላይ ነው የምትወርደው። ሳጥኑን ከፍተህ ጊታሩን ቦታውን አስለምደው፣ ከዚያ ቃኝ። ይሄን የማያውቅ ሰው «መቃኛ ቁልፉ አይዝም» ብሎ አዲስ ቁልፍ ያዝዛል።

ወሎዬ ከሜሪላንድ

የሐይቁ ልጅ፣ ስለ ብሪያን ሜይ ያልከው ላይ አንድ ነገር። እሱ ጊታሩን ከመሥራቱ በፊት ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚፈልግ ያውቅ ነበር። እኔ የምገዛው ምን እንደምፈልግ ለማወቅ ነው። ለዚህ ይመስለኛል እሱ አንድ፣ እኔ አንድ ክፍል ሙሉ ያለን። ጊልሞርም ቢሆን ጊታሯን የሚፈታታት አንድ ነገር ፍለጋ ነበር፣ ዝም ብሎ አልነበረም። የሚፈልገውን እያወቀ የማይረካ ሰውና ሳያውቅ የማይረካ ሰው ለኔ አንድ አይደሉም።

የጦሳው ጊታር (ደሴ)

ተመልሻለሁ። ቅዳሜ ሰርግ ነበረን፣ ኩታበር መንገድ ላይ።

ድምፁን መድረክ ላይ አስተካከልኩት። ቤዙን ስቆርጠው ኪቦርዲስቱ «ጊታርህ ታመመ እንዴ?» አለኝ። ሲጀመር ግን ራሴን ሰማሁት! ማሲንቆው ሲመጣ የወልድያዋ እህቴ እንዳለችው ሰርዱን ጥዬ ዶና ሶል፣ ፋና ዶ ብቻ ያዝኩ። ኦቨርድራይቩን አጠፋሁ። ማሲንቆ ተጫዋቹ ቀና ብሎ አየኝ። ሁሌ ፊቱን ወደ ከበሮው አዙሮ ነው የሚጫወተው። በዚህኛው ግን ወደኔ ዞረ። ከዚያ ግጥም ጣል አደረገብኝ፣ ሰርገኛው ሳቀ፣ ሽልማቱንም ተካፈልን።

ባቲ ላይ ግን አልሆነልኝም። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። ሚውን ከተውኩት ባቲነቱ ጠፋብኝ። እሱን እንዴት ታደርጉታላችሁ?

እና ሳልዋሽ፣ ኮምፕረሰሩን አሁንም እፈልገዋለሁ።

ወልድያ አኮስቲክ

ባቲ ላይ ሚዋን ኮርድ ውስጥ አትክተታት። ለብቻዋ ንካት፣ አጭር አድርገህ፣ ማሲንቆው ትንፋሽ ሲወስድ። ረዝማ ስትቆይ ነው የምትጋጨው። ሲዋንም እንደዚያው። ሰኞ ባቲ ገበያ የወረድክ ቀን ደግሞ የሚዘፍን ሰው ፈልገህ ያቺን ድምፅ የት እንደሚያስቀምጣት ስማ።

ቦርከና ቤዝ (ኮምቦልቻ)

ኮምፕረሰሩን ግዛው በቃ። የምትሸጠው ጊዜ እኔ በግማሽ ዋጋ እወስድልሃለሁ። ለቤዝ ነው የሚያምርበት።

ወሎዬ ከሜሪላንድ

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እዚህ የማልጠቀምበት የቱቦ አምፕ አለኝ። ክረምት ሰው ስለሚመጣ ለደሴ ልጆች ልላከው?

ሳውንድማን ደሴ

እግዜር ይስጥህ። ግን ጀርባውን እይ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ እዚህ 220 ነው፣ በሰኩት ቅጽበት ትራንስፎርመሩ ይጨሳል። ቮልት መቀየሪያ ከሌለው ማውረጃ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። የአምፑን ዋት በደንብ የሚሸከም፣ 50 ኸርዝም የሚቀበል። ማውረጃው ራሱ ሌላ ሻንጣ ነው። የሻንጣ ኪሎ ካለህ ይልቅ ክር ላክልን። እዚህ ሲጠፋ ከአዲስ አበባ በሰው እስኪመጣ ሰርጉ ያልፋል።

ወሎዬ ከሜሪላንድ

ተስማምቻለሁ። ክር ይሁን። ቁጥር 9 ወይስ 10?

የጦሳው ጊታር (ደሴ)

9!

ሳውንድማን ደሴ

10። 9 ለሱ ቀጥኖበት ነው ሲጫን ከቅኝት የሚወጣው።

የሐይቅ ልጅ

የተሸፈነው ዓይነት ካለ እሱን። ዩቲዩብ ላይ አንዱ ስድስት ወር ይቆያል ሲል አይቻለሁ።

ወልድያ አኮስቲክ

ለኔ ናይለን፣ ጠንካራ ውጥረት ያለውን።

አያ ክራር

ለኔ አትቸገር፣ የፍሬን ሽቦ አለኝ። ግን የናይለኑ ቀጭን ክር ከተረፈ ክራሬ ላይ ልሞክረው።

ቦርከና ቤዝ (ኮምቦልቻ)

ለቤዝ የሚጠይቅ የለም አይደል? ድስቴን ልጣድ።